በተራ የወጣ ስም

ና እስቲ አረፍ በል፣ ወዳጄ። ወንበሩን ወደ ከሰሉ ጠጋ አድርገው። ቡናው ገና አቦል ነው፤ የሚያጣድፈን የለም። ዝናቡም ቢሆን በቶሎ የሚያባራ አይመስልም። የመቱን ሰማይ ታውቀው የለ? የአዲስ አበባ ሰው «ክረምቱ ወጣ» ብሎ ጃንጥላውን ሲያጥፍ እኛ ገና ነን። ግን አናማርረው። ይሄ ዝናብ ባይኖር ያዩ ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ቡና ከየት ይመጣ ነበር? ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ያን ጫካ በዓለም የባዮስፌር ክልሎች መዝገብ ላይ ባላሰፈረው። ይህን ማለቴ የምትጠጣውን እንድታውቅ ነው እንጂ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቡና አይደለም።

«ታዲያ ስለ ምን ነው?» አልከኝ? ስለ ስም ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ለሰው ልጅ ይሁን፤ የሃርድ ዲስክን ስም ግን ማን ያወጣዋል? አትሳቅ፣ የምሬን ነው። በዚህ ነገር የተነሳ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ሳምንቱን ሙሉ የደከሙበት ውጤት በአንድ ሌሊት ድራሹ ሲጠፋ አይቻለሁ። ላጫውትህ። ቀስ ብለን ነው ታዲያ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቅህ። የእጅ መዳፍ የምታህል ቦርድ አለች፤ ራስበሪ ፓይ ይሏታል። በ2004 ዓ.ም. የካቲት ወር እንግሊዝ አገር ለገበያ የወጣች ናት። ልጆች ኮምፒውተር እንዲማሩባት ተብላ ነበር የተሠራችው፤ በኋላ ግን ዓለም ለማይሆን ነገር ሁሉ ያዛት ጀመር። ቢግልቦን የምትባል ሌላም አለች፣ ሌሎችም ብዙ አሉ። የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው። «እኔ ቤት ሊኑክስ የሚባል ነገር የለም» ትለኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያብለጨልጨው ራውተር በአብዛኛው ሊኑክስ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም ከሥሩ ሊኑክስ ነው። ስሙን ሳትጠይቀው አብረኸው ነው የከረምከው።

እንዲህ ያለች ቦርድ ለእኛ አካባቢ ትስማማለች። ለምን ቢሉ፣ ኢንተርኔቱ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ነው። መጽሐፉን፣ የትምህርት ቪዲዮውን፣ የድሮ ፈተናውን አንድ ጊዜ ዲስክ ላይ ከጫንክ ለግቢው ሁሉ በዋይፋይ ታድላለህ። ኤሌክትሪክ አትበላም፤ ትንሽ ባትሪም ታንቀሳቅሳታለች። መቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ እነዚህን ነገሮች የሚነካኩ ልጆች አይጠፉም። ስለ ኳስ የሚከራከሩ ሲመስልህ ጠጋ ብለህ ብትሰማ የሊኑክስ እምብርት የሆነውን የከርነልን እትም ነው የሚያነሱት የሚጥሉት።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ነው ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዝናብ በስብሶ የመጣው። በላስቲክ የጠቀለላቸው ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች ብብቱ ሥር አሉ። «ጋሼ፣ ዲስኩ ሞቶብኛል መሰለኝ» አለኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር እሱ ነው የሚጠብቀው። ትምህርት ቤቱን አልነግርህም፣ ከተማውንም ተወው። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ፤ አንዲት ቦርድ፣ አንድ ሜሞሪ ካርድ፣ ሁለት ዲስክ። አንዱ ዲስክ የሥራ ነው፤ መምህራኑ የተማሪ ውጤት የሚሞሉበት። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ከሥራው ዲስክ ወደ መጠባበቂያው በራሱ ኮፒ ያደርጋል። ኮፒውም ልክ እንደ ዋናው ይሁን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዋናው ላይ የሌለውን ከቅጂው ላይ ይሰርዛል፣ የተለያየውንም በዋናው ይተካል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ልጁ ሰነፍ አይደለም።

ያን ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ መጣ። ቦርዷም ማንም ሳይነካት ተነሳች፣ 7 ሰዓት ሲሞላ እንደ ልማዷ ኮፒዋን አደረገች። ቅዳሜ ጠዋት አንድ መምህር ከፍቶ ሲያይ የሳምንቱ ውጤት የለም።

ሁለቱን ዲስኮች በየተራ ላፕቶፔ ላይ ሰካኋቸው። የመጀመሪያው ደህና ነው፤ አይንቋቋም፣ ፋይሎቹም ይከፈታሉ። የመጨረሻው ፋይል ቀን ግን ያለፈው ሳምንት ዓርብ ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። የመጨረሻው ፋይል ቀን? እሱም ያለፈው ሳምንት ዓርብ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። የሞተ ዲስክ የለም፤ መጠባበቂያው ዋናውን በልቶት ነው። ኮፒው የሄደው ወደ ኋላ ነበር።

እንዴት? ሊኑክስ ሲነሳ ምን የት እንደሚሰቀል የሚያነብባት ኤፍኤስታብ የምትባል ፋይል አለች። በውስጧ «ኤስዲኤ 1 የሥራው ነው፤ ኤስዲቢ 1 የመጠባበቂያው ነው» የሚል ተጽፏል። ለወራትም እንደዚያው ሲሠራ ኖሯል። ያን ዕለት ሌሊት ግን ኤስዲኤ የነበረው ኤስዲቢ ሆነ፣ ኤስዲቢ የነበረውም ኤስዲኤ። የዲስኮቹ ገመድ አልተነቀለም፣ ማንም አልነካቸውም። ስማቸው ነው የዞረው።

አሁን «ስም እንዴት ይዞራል?» ብትለኝ መልሱ እጅህ ላይ ነው፤ ስኒውን እየው። አቦል የተባለው ለምንድን ነው? መጀመሪያ ስለተቀዳ ነው። ከያዩ ይምጣ ከሊሙ፣ ይቆላ ይረር፣ ስሙ አይነግርህም፤ የሚነግርህ ተራውን ብቻ ነው። ዘግይቶ የገባ ጎረቤት ደግሞ ለእሱ የመጀመሪያው የሆነውን ስኒ «ቶና» ብሎ ነው የሚጠጣው። ኤስዲኤም እንደዚሁ ነው። ከርነሉ ሲነሳ ዙሪያውን ያያል፤ ቀድሞ «አለሁ» ያለውን ዲስክ ኤስዲኤ፣ ቀጥሎ የመጣውን ኤስዲቢ፣ ከዚያም ኤስዲሲ እያለ ይሄዳል። የዲስኩን ማንነት አልጠየቀም፤ ተራ ነው የሰጠው። እኛ ግን ተራውን ስም አድርገን ኤፍኤስታብ ላይ ጻፍነው።

በል ቶናውን ልቅዳልህ። ስኳር ነው ጨው የምትጨምረው? ቂጣውንም ቅመስ።

እና ተራው ለምን ይለወጣል? ሰበቡ ብዙ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱን እስኪይዝ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ፍላሽ ግን ሲሰካ ወዲያው ነው «አለሁ» የሚለው። ዲስኩ ሞቅ ሲልና ሲበርድ፣ አዲስ ሲሆንና ሲያረጅ አነሳሱ ይለያል። በመሀል የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ እሱም የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱ ዲስኮች በጣም ተቀራርበው የሚደርሱ ከሆነ ማን እንደሚቀድም የሚወስነው የሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። መቶ ጊዜ አንዱ ይቀድምና በመቶ አንደኛው ሌላው ይቀድማል። መጥፎነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ቢሳሳት ኖሮ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ያስተካክለው ነበር።

ሌላም አለ። ራስበሪ ፓይ 4 በደንብ እንድትሠራ 5 ቮልት፣ 3 አምፒር ትፈልጋለች። እኛ ምን እንሰጣታለን? መሳቢያ ውስጥ የተገኘውን የስልክ ቻርጀር! በዩኤስቢ ለተሰኩት ሁሉ በድምሩ 1.2 አምፒር ያህል ነው የምታካፍለው፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ሲነሱባት ያቅታታል። ያኔ አንዱ ዲስክ በሥራ መሀል ብልጭ ብሎ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስ ግን የድሮ ስሙ ገና አልተለቀቀም፤ የሰቀለው ፕሮግራም ይዞታል። ስለዚህ ኤስዲኤ የነበረው ኤስዲሲ ሆኖ ቁጭ ይላል። አየህ፣ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ እንኳ ስም ሊቀየር ይችላል።

መብራት ካነሳን፣ እዚህ አገር መብራት ሄደ ብሎ ማማረር ትንሽ ያሳፍራል። የሶር ወንዝ ከመቱ ብዙም ሳይርቅ ነው ከገደል የሚወረወረው። በዚያው ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የምታመነጭ ጣቢያ ከተሠራች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። በየሸለቆው ውሃ፣ በየጋራው ደመና! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ ሆነና ግን ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ፣ መብረቅ ሲመታ፣ ጨለማ ነው። እናም ማንም አጠገቧ ሳይኖር፣ በሌሊት፣ በራሷ የምትነሳ ቦርድ ከሌላው አገር ይልቅ እኛ ዘንድ ትበዛለች። አዲስ አበባ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚከርም ማሽን የስሙ መዞር ላይታወቀው ይችላል። የእኛው ግን በወር ስንት ጊዜ ጠፍቶ ይነሳል? በተነሳ ቁጥር ስም እንደ አዲስ ይታደላል።

ስለ ስምና ስለ ቦታ ካወራን ደግሞ የጎሬን ነገር ሳላነሳልህ አላልፍም። ጎሬን አሁን ስታያት ጭጋግ የለበሰች ጸጥተኛ ከተማ ናት። በ1928 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው እሷ ናት። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ሆነው የተረፈውን መንግሥት መሩ፤ ልዑል ራስ እምሩም በዚያ በኩል ነበሩ። ጣልያን ጎሬ የገባው ኅዳር 1929 ላይ ነው። ከነጻነት በኋላም ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ሆና ቆየችና በደርግ ዘመን ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ዞረ። እንግዲህ ፖስታው ላይ «ለኢሉባቦር ዋና ከተማ» ብቻ ብለህ ደብዳቤ ብትልክ፣ ድሮ ጎሬ ይደርሳል፣ ዛሬ መቱ ይደርሳል። ጥፋት ነው? እንደ ፍላጎትህ ነው። አስተዳደሩን ፈልገህ ከሆነ ደረሰልህ። ጎሬ ያለችውን አክስትህን ፈልገህ ከሆነ ግን ጠፋብህ።

ነገሬ ሁሉ ይህቺ ናት፣ ወዳጄ። ስም ከመስጠትህ በፊት «የማይለወጥብኝ ምኑ ይሁን?» በል። ዕቃው ራሱ ነው፣ ወይስ ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ? የትምህርት ቤቱ ልጅ የሚፈልገው ዕቃውን ነው፤ መምህራኑ የሚሞሉበት ያ ዲስክ የትም ይሰካ፣ መቼም ይድረስ፣ «ዋና» መባል አለበት። ሌላ ሰው ደግሞ ቦታውን ይፈልጋል፤ ሰዎች ፍላሽ እያመጡ የሚቀዱበት ኪዮስክ ቢኖርህ ማንኛውም ፍላሽ ይምጣ፣ አንተ የምትለው «በፊት ለፊቱ ቀዳዳ የተሰካውን አንብብ» ነው። ሁለቱ የተለያየ ስም ያስፈልጋቸዋል።

ለሁለቱም ስም ተዘጋጅቷል፤ ያውም ከቆየ። እ.ኤ.አ. በ2003 ግሬግ ክሮ-ሃርትማን የሚባል ሰው ዩዴቭ የሚባለውን ሥራ ይዞ መጣ። ዩዴቭ ከርነሉ የሰጠውን የተራ ስም አይሽርም፤ ከጎኑ ሌሎች ቋሚ ስሞችን ይደረድራል። ዴቭ የሚባለው ማህደር ውስጥ ዲስክ የሚለውን ብትከፍት ታገኛቸዋለህ፤ በሌብል፣ በዩዩአይዲ፣ በፓርትዩዩአይዲ፣ በተሰካበት ቦታ፣ በፋብሪካ ቁጥር። ሁሉም አንዱን ዲስክ ነው የሚጠሩት፤ የሚለዩት ስሙ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው።

ዩዩአይዲ የሚጻፈው ፋይል ሲስተሙ ላይ ነው። ዲስኩን ፎርማት ስታደርግ 32 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም መለያ ይወጣለታል። ለዓይን ያስጠላል፣ ግን ዲስኩን የትም ብትሰካው አብሮት ይሄዳል። እንደገና ፎርማት ካደረግከው ይለወጣል፤ ይሄን አትርሳ። ፓርትዩዩአይዲ ደግሞ የሚጻፈው ከዚያ በፊት፣ ዲስኩ የተከፋፈለበት ሰንጠረዥ ላይ ነው። ስለዚህ ፎርማት አይነካውም። በድሮው ዓይነት ሰንጠረዥ 8 ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የፓርቲሽኑ ቁጥር ነው። ለትንንሽ ቦርዶች ይሄ ሞገስ አለው፤ ከርነሉ ገና ሲነሳ ያለማንም እርዳታ አንብቦ ይረዳዋል። ዋናውን ፋይል ሲስተም በዩዩአይዲ ወይም በሌብል ልጥራው ካልክ ግን ከከርነሉ ጋር ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ረዳት መጫን አለበት፤ ብዙ ቦርድ ላይ እሱ የለም። ራስበሪ ፓይ ላይ በአሁኑ ጊዜ የሚጫነው ሲስተም የራሱን ካርድ በፓርትዩዩአይዲ የሚጠራው በከንቱ አይደለም።

ሌብል ግን የሰው ነው። አንተው የምታወጣው፣ አንብበህ የሚገባህ። ደስ የሚለው ደግሞ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል! የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ኤክስት 4 ለሚባለው ፋይል ሲስተም ሌብሉን በአማርኛ ብትጽፈው ግድ የለውም። ያው ቦታው ጠባብ ነው፤ 16 ባይት ብቻ። አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 5 ፊደል አገኘህ ማለት ነው። «ኢሉባቦር» ልክ 5 ፊደል ስለሆነ ይገባል። «ቡኖ በደሌ»ም ከነክፍተቱ 16 ሞልቶ ጥንቅቅ ይላል፤ ክፍተት ያለበት ሌብል ኤፍኤስታብ ላይ በኮድ ካልተጻፈ ያምታታልና አልመክርህም እንጂ። «መጠባበቂያ» ግን 6 ፊደል ነው፤ በሩ ላይ ይቀራል። እኔና ልጁ ምን አልን? አንዱን «ዋና»፣ ሌላውን «ቅጂ»። አለቀ።

  

የሜሞሪ ካርዱን ጉዳይም ዘለልነው። አንዳንድ ቦርድ ላይ የተበየደች፣ የማትነቀል ማስቀመጫ አለች፤ ኢኤምኤምሲ ይሏታል። ከጎኗ ደግሞ የካርድ ማስገቢያ አለ። ሁለቱም በአንድ ወግ ነው የሚጠሩት፤ ኤምኤምሲ ብሎክ 0፣ ኤምኤምሲ ብሎክ 1። የማን ነው ዜሮው? በድሮዎቹ የቢግልቦን ብላክ ሲስተሞች ካርድ ከሌለ የተበየደችው 0 ነበረች፤ ካርድ ስትሰካ ካርዱ 0ን ወስዶ እሷን ወደ 1 ይገፋታል። አስበው እንግዲህ፤ «ኤምኤምሲ ብሎክ 0ን ፎርማት አድርግ» የሚል ጽሑፍ ከአንድ ቦታ ቀድቶ የሚሠራ ልጅ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል። አንዲት መለያ ልንገርህ፦ የተበየደችው ከስሟ ቀጥሎ «ቡት 0»ና «ቡት 1» የሚሉ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ይታዩላታል፤ ካርድ ግን እነሱ የሉትም። ዲስኮቹን ዘርዝረህ ቡት ያለችውን ካየህ እሷን አትንካ።

በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የወጣው የከርነል እትም 5.10 ነገሩን አባሰውም አቃለለውም። አባሰው፤ ቦርዱ ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ የእነዚህ ማስቀመጫዎች ድራይቨሮች ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ ጊዜ እንዲጀምሩ ተደረገ፤ ቀድሞ የደረሰ ቀደመ። ከርነሉን ከፍ ያደረጉ ሰዎች ትናንት ይነሳ የነበረ ቦርድ «ዋናውን ፋይል ሲስተም አጣሁት» ብሎ ሲቆምባቸው ግራ ገባቸው። አቃለለው ደግሞ፤ በዚያው እትም ላይ ዲቫይስ ትሪ የሚባለው የቦርዱ መግለጫ ፋይል ውስጥ «ይሄኛው ማስገቢያ ሁልጊዜ 0 ነው፣ ያኛው 1» ብሎ መጻፍ ተፈቀደ። ልብ በል፣ ይሄ የቦታ ስም ነው። ካርዱን ብትቀይረውም ማስገቢያው ቁጥሩን አይለቅም። ለዩኤስቢ ዲስክ ግን አይሠራም፤ እዚያ ላይ ቦታውን ከፈለግክ ዩዴቭ በተሰካበት ቦታ የሚያወጣውን ስም ትይዛለህ።

«እንግዲህ ዩዩአይዲ ጻፍኩ፣ ተገላገልኩ» ካልክ ገና ነህ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ካርድ እኛ ዘንድ መብራት በሄደ ቁጥር ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ብልህ ሰው ትርፍ ካርድ ያዘጋጃል። እንዴት? የሚሠራውን ካርድ እንዳለ፣ ከነምናምኑ ኮፒ አድርጎ። ኮፒው ግን ዩዩአይዲውንም፣ ፓርትዩዩአይዲውንም፣ ሌብሉንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሁለት ሞክሼዎች ሆኑ ማለት ነው። አንዱ መሳቢያ ውስጥ፣ አንዱ ቦርዱ ላይ እስካሉ ድረስ ጠብ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ የሰካህ ዕለት ግን ሲስተሙ ከሁለቱ ያገኘውን ያነሳል፤ ማንን? የቀደመውን! ዞረህ ዞረህ ተራ ላይ ወደቅክ። ስለዚህ አብረው የሚሰኩ ከሆነ ለአንዱ አዲስ መለያ አውጣለት፤ የአንዲት ትእዛዝ ሥራ ናት። በፋብሪካ ቁጥር ልጥራቸው ካልክም ርካሽ የዲስክ ሣጥኖች አንዳንዴ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይመጣሉና አስቀድመህ አስተያያቸው።

ሌላው ደግሞ ዲስኩ የቀረ ዕለት የሚሆነው ነው። ስሙን አስተካክለህ ጻፍክ፤ ዲስኩ ግን ገመዱ ላልቶ አልመጣም እንበል። ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ አስተናባሪ ሳይታዘዝ በራሱ ልማድ 90 ሰከንድ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ «ችግር አለ» ብሎ እዚያው ይቆማል። ስክሪንም ኪቦርድም የሌላት ቦርድ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጣ እንዲህ ብትቆም ማን ያያታል? ለዚህ ኤፍኤስታብ ላይ «ኖፌይል» የሚል ቃል ይጨመራል፤ «ባይመጣም ተነሺ» ማለት ነው። እሱንም ስታደርግ መዘዙን እወቅ፦ መጠባበቂያው ሳይሰቀል ኮፒው ከጀመረ፣ ዲስኩ መስሎት ባዶው ማህደር ላይ ይጽፋል። ያ ማህደር ያለው ደግሞ ትንሹ ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ሞልቶ ቦርዷን ያንቃታል።

ስለዚህ እኔና ልጁ አንድ ነገር ጨመርን። የሥራው ዲስክ ላይ «ይሄ ዋና ነው» የምትል ባዶ ፋይል፣ መጠባበቂያው ላይ «ይሄ ቅጂ ነው» የምትል ሌላ ባዶ ፋይል አስቀመጥን። ኮፒው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ይፈልጋል፤ በየቦታቸው ካላገኛቸው ምንም ሳይነካ ይቆማል። ኮፒው ራሱ እንዳይሰርዛቸውም ከሥራው ውጭ አደረግናቸው። ስሙ ቢሳሳት እንኳ እጁን ይሰበስባል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

«ውጤቱስ ምን ሆነ?» አትለኝም? ደግነቱ መምህራኑ ማርክ ሊስቱን በወረቀት ይዘውት ነበር። ቅዳሜና እሁድን ልጁ አብሯቸው ቁጭ ብሎ፣ አንዱ እያነበበ አንዱ እየጻፈ፣ እንደገና ሞሉት። ከመምህራኑ አንዱ «ወረቀት ኤስዲቢ አይሆንም» ብሎ ቀልዶበታል አሉ። አልተሳሳተም፤ እኔም ወረቀቱን እንዳትጥሉት ብያቸዋለሁ።

አንተም እንዲህ ያለ ሰርቨር ካለህ ሥራዋ ብዙ አይደለም። ኤፍኤስታብን ክፈት፤ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤምኤምሲ ብሎክ የሚል ካየህ በተራ የወጣ ስም ነው፣ ቀይረው። ብሎክ አይዲ የምትባለው ትእዛዝ የሁሉንም መለያ ዘርዝራ ትሰጥሃለች። ስትጨርስ «ይሠራል» ብለህ አትነሳ፤ አጥፋት፣ የሁለቱን ዲስኮች ገመድ አቀያይረህ ስካው፣ አብራት። ዋናው ዋና፣ ቅጂው ቅጂ ሆኖ ከመጣ አንዱን ነቅለህ አሁንም አብራት። ያለ እሱም ከተነሳችና ኮፒው «ቅጂው የለም» ብሎ ከቆመ፣ መብራት ኃይል እንደ ፍጥርጥሩ ያድርግ፣ አንተ ተኛ።